ምስል የማያወጣው ፕሮሰሰር

እስቲ አረፍ በሉ። ሻያችሁ እስኪበርድ ብቻ ስሙኝ፤ ጊዜያችሁን በከንቱ አልበላባችሁም። ኮምፒውተር እንዴት በቤት እንደሚገጠም አስረዳችኋለሁ። እኔን ማንም አላስተማረኝም። ቪዲዮ እያየሁ፣ እየሰበርኩ ነው የተማርኩት። ከሰበርኩት ውስጥ ያልጠገንኩት አንድ ነገር አለ፤ ወደሱ እመጣለሁ።

እዚህ በስደት በምንኖርበት የካዚኖ ከተማ፣ ፓራዳይዝ፣ እኛ ካለንበት አፓርትመንት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ጋሽ በላይ ይኖራሉ። አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፉ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ላይ ኮሮና ሲመጣ መንገደኛው ቀረ፣ የእሳቸውም ሺፍት አብሮ ቀረ። ዓይናቸው ደክሟል። ደሴ ያሉት ታላቅ እህታቸው እትዬ አስካለ እንደ እናት ሆነው ነው ያሳደጓቸው። በስልክ በቪዲዮ ሲያገኟቸው፣ «ቴምብር ላይ እንዳለ ሰው ነው የምትታየኝ» ይላሉ። የእህታቸውን ፊት በትልቁ ማየት ፈለጉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

«ከሱቅ አንድ ላፕቶፕ ብገዛስ?» አሉኝ።

ቅር አለኝ! እኔ እያለሁ የተሠራ ይገዛል? «እርስዎ ዝም ብለው ይዩ፣ እኔ እገጥምልዎታለሁ» አልኳቸው።

አያችሁ፣ ኮምፒውተር ማለት ካዚኖ ነው። ማዘርቦርዱ ሕንፃው፣ ፕሮሰሰሩ ማናጀሩ፣ ራሙ የመጫወቻ ጠረጴዛው ነው፤ ጠረጴዛ በበዛ ቁጥር ብዙ ሰው ይስተናገዳል። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ደጃፉ ላይ የሚያበራው የኒዮን መብራት ነው። ውስጥ የፈለገውን ያህል ሥራ ቢሠራ፣ እሱ ካልበራ ከውጭ ማን ያያል?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፕሮሰሰር ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ኒዮኑን በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ያለ ካርድም ምስል ያወጣል። ሌላው ግን አያወጣም። ትንሽ ይረክሳል። እኔ ብልጡ ያኛውን መረጥኩ። ካርድ መግዛታችን ካልቀረ ምን ሁለት ጊዜ ያስከፍለናል ብዬ። እህትን ለማየት ካርድ ምን ያደርጋል? እኔ እንጃ። ምርጥ እንዲሆን ፈልጌ ነዋ!

ሁሉም ዕቃ መጣ፣ ካርዱ ብቻ ጠፋ። ዓለም በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ካርድ ይፈልጋል። የተገኘውም ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ። ያገር ሰው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይል የለ? እንጠብቅ አልኩ። ማሽኑ ጋሽ በላይ ሳሎን ተቀመጠ። ስታበሩት ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ጨለማ። ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር ማስካቸውን ዝቅ አድርገው «መሐንዲሱ፣ መጣ?» ይሉኛል። እኔም ለምን እንዳልመጣ፣ ከቺፑ ፋብሪካ ጀምሬ፣ እግራቸው እስኪዝል አስረዳቸዋለሁ። ይሰሙኛል። ወራት ሄዱ።

በመጨረሻ ካርዱ ደረሰ። ካርቶኑን አቅፌ ወደ ጋሽ በላይ ልሮጥ ስል እናቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«እንዳትሰካው» አለች።

እትዬ አስካለ አርፈዋል፤ ሳምንት ሆኗቸዋል። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ማልዶ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። የዕድሩ ሰዎች ጋሽ በላይ ሁለተኛውን ክትባት እስኪወስዱ ይቆይ ብለው ቆርጠዋል። እስከዚያ ደሴ ያሉት ዘመዶች «ጸበል ገብታለች፣ ስልክ የለም» ይሏቸዋል። እኔስ? እኔ ኮምፒውተሩን እንዳላበራ።

ወረድኩ። «መጣ?» አሉኝ።

«ገመድ ጎድሏል» አልኩና ተመለስኩ።

ሁለት ሳምንት እንደዚያ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሰባት ሰዎች በማስክ፣ ተራርቀን፣ በራቸው ላይ ቆምን። ከፍተው አዩን። ማንም ገና ሳይናገር ጋሽ በላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ነጠላው ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተዘጋጅቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝና «በል ስካው» አሉ። ሰካሁት። በራ። የእትዬ አስካለን ፎቶ ስክሪኑን ሙሉ አደረግኩላቸው። ጋሽ በላይ ተጠግተው የእህታቸው ቅንድብ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሷት። «ይቺን እኔ ነኝ ያደረግኳት። በብይ። ለእናታችን ወደቅኩ ብላ ደበቀችልኝ» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ገመዱ ተገኘ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ የተሰካውን ገመድ እንደገና አጠበቅኩ።

«አንተ ልጅ፣ ስለ አንዲት ብሎን አንድ ሰዓት የምታስረዳ፣ ስለ ገመዱ ሁለት ቃል ብቻ ተናግረህ ሄድክ። ያን ቀን ነው ያረፈችብኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እናንተ ደክማችሁ ደበቃችሁ። ምን ላድርግ፣ እንደ እሷ ደበቁልኝ ብዬ ተቀበልኩ።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። የሚደርስበት ቤት ሰው ይኑር አይኑር ግን ተረቱ አይነግረንም።

እናንተ ግን ግጠሙ። ከባድ አይደለም፣ ብሎን መፍታት የሚችል ሁሉ ይችላል። ፕሮሰሰሩን ምስል የሚያወጣውን ምረጡ፤ ካርዱ ሲመጣ ይመጣል። ሂዱ፣ ዛሬውኑ ዕቃ መምረጥ ጀምሩ። ብቻ ከዚያ በፊት፣ አሁን፣ በያዛችኋት ቴምብር በምታክል ስልክ ደውሉ።