አቶ አካለ ወልድ እና የደጀን ቁልቁለት

በየትኛውም መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲቸኩል የማይቸኩል አንድ ሹፌር አይጠፋም። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ሰው የፈጠረው የተሳፋሪን ትዕግሥት ሊፈትን ይመስለኛል። ለእኛ ለደብረ ማርቆሶች የደረሱን ክቡር አቶ አካለ ወልድ ናቸው፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር፣ የቀርፋፎች ሁሉ አለቃ።

እኔ አቤቱታ ጸሐፊ ነኝ። የሰው ይግባኝ ይዤ በየወሩ አዲስ አበባ ስለምሄድ ጠባያቸውን ከሚስታቸው ባልተናነሰ አውቀዋለሁ። ሌላው ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ ሲፈተለክ፣ እሳቸው ገና ጎማውን በመዶሻ እያንኳኩ ያዳምጣሉ። አራቱንም ይዞሩና ተመልሰው የመጀመሪያውን ያንኳኳሉ።

«አሁን አንኳኩተውት አልነበር?» እላቸዋለሁ።

«እስቲ እንደገና» ይላሉ።

የባሰው ደግሞ ሉማሜን ካለፍን በኋላ ነው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ከፍሬኑ ያነሡና አውቶቡሱን በማርሽ ብቻ ለማቆም ይታገላሉ። ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት፤ ሞተሩ እንደሚታረድ በሬ ያጓራል። ሊቆም ሲል ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወንዶች ዘለው ወርደው ታኮውን፣ ማለት ጎማ የሚደገፍበትን የእንጨት ሽብልቅ፣ ከጎማው ሥር መክተት አለባቸው። ለዚህ ሹመት እኔ ስድስት ጊዜ ታጭቻለሁ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በየጉዞው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ዘለውት አያውቁም።

በተለይ የጨርቅ ነጋዴው አብዱልዋሂድ ይንገበገብ ነበር።

«አቶ አካለ ወልድ፣ እኔ የከፈልኩት ለመንገድ ነው ወይስ ለውትድርና?»

«ዘገየህ አብዱልዋሂድ። ጎማው ቀደመህ። እስቲ እንደገና።»

ቅቤ ነጋዴዋ ዘሪቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ትስቅብናለች። እኔም ማርቆስ ስመለስ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ጠጅ ቤቱን ሁሉ አስቅ ነበር።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ፣ ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ስንወርድ ጉሙ አውቶቡሱን ዋጠው። ከመስኮቴ በታች የሚታየው ነጭ ጢስ ብቻ ነው። ገደሉ ከዚያ ውስጥ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተበትኗል።

አውቶቡሱ በድንገት ሲፈጥን ተሰማኝ። መጀመሪያ የመሰለኝ አቶ አካለ ወልድ በመጨረሻ እንደ ሰው መንዳት የጀመሩ ነው። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«ፍሬን የለም» አሉ። አልጮኹም። «ማንም ከወንበሩ እንዳይነሣ። እንደ ሉማሜው ነው። አብዱልዋሂድ፣ ጸሐፊው፣ በሩ ላይ ሁኑ።»

ዘሪቱ «ወላዲተ አምላክ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ታኮውን ላነሣ ጎንበስ ስል ጣቶቼ እንቢ አሉ፤ እንጨቱ ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠ። ሞተሩ አጓራ፤ ሦስተኛ ማርሽ። ጠመዝማዛውን ስንዞር የኋላው ጎማ የገደሉን አፍ ሲቦጭቅና ጠጠሩ ወደ ታች ሲዘንብ ሰማሁ። ጠጠሩ የት እንደ ወደቀ አልተሰማም። ሁለተኛ ማርሽ። አውቶቡሱን ወደ ተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስጠጉት፤ ጎኑ ድንጋዩን እየፋቀ ቀስ አለ።

«አሁን!»

አብዱልዋሂድ ዘለለ። እኔ መዝለሌን አላስታውስም፤ ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወድቄ ራሴን አገኘሁት። የሱን ታኮ ጎማው አስፈንጥሮ ጣለው። የኔን ስከት እጄ ራሱ ያውቀው ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጎማው እንጨቱ ላይ ወጣ፣ ተንገዳገደ፣ ተመለሰ። ቆመ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወርደው መሬት ሳሙ። አብዱልዋሂድ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ያለ ድምፅ አለቀሰ። አቶ አካለ ወልድን ብፈልጋቸው የሉም። አውቶቡሱን ዞሬ ስሄድ ግንባራቸውን ተራራው ላይ አስደግፈው ሲያስመልሳቸው አገኘኋቸው።

«ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መፍራቴን። አሥራ አንድ ዓመት ስፈራ ኖርኩ ወንድሜ። ማታ እንቅልፍ የለኝም። ሜዳው ላይ ያን ሁሉ የማደርገው ለምን መሰለህ? ፍርሃቱ ሲመጣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።»

«ታዲያ ሥራውን ለምን አይተዉትም?»

አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ብተወው ሌላ ሰው ይነዳዋል። ያ ሰው ደግሞ የማይፈራ ቢሆንስ?»

አጠገባቸው ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ የአውቶቡሱ ማኅበር አዳዲስ ሹፌሮችን እንዲያሠለጥኑ ሾማቸው፤ መንዳቱን ግን አልተዉም። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ጎረምሶችን አሰልፈው፣ «የዓባይን ቁልቁለት የሚፈራ ማነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ሰባቱ ሳቁ። አንዱ እያፈረ እጁን አነሣ። ከሱ ጀመሩ። ሰባቱን ገደሉ አፋፍ ላይ ወስደው እስኪፈሩ ድረስ አቆዩአቸው፤ ትምህርቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እስካሁን ከሳቸው ተማሪዎች አንድም ገደል አልገባም።

እኔ ጠጅ ቤት ማስመሰሌን ትቻለሁ። አሁን የምቀመጠው ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ነው። ወንበሩን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። «ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝም አትበለኝ። ስለ ዝናብም ይሁን ስለ ጤፍ፣ የመጣልህን አውራኝ» አሉኝ። እኔም የዓባይ ድልድይ እስኪታይ ድረስ እለፈልፋለሁ። አንገታቸው ላይ ያለው ላብ ሲደርቅ ነው የማቆመው።

ትናንት ልብሴን ስሸክፍ ባለቤቴ የኔዓለም በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ባለፈው ሳምንት ሄደህ የለ? ደግሞ የማን ይግባኝ ነው?»

ያልኳት፣ የደምበጫ ሰዎች የመሬት ክርክር አለ ነው። ክርክር የለም። በዚህ ወር አንድም ይግባኝ አልያዝኩም። ሐምሌ ገብቷል፤ ጉም አለ፤ ሰውዬው ብቻቸውን እንዲወርዱ አልፈልግም።