ቦሎቄ ሲለካኝ

ሰው ሌሊት ያልማል፤ እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አለምኩ።

ዕለቱ እሑድ ነበር። የምሠራው እርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ሁለት ግሪንሃውስ አለን፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ሞቃት። በሁለቱም የቦሎቄ ችግኝ በባልዲ ይበቅላል፤ እኔ እድገቱን በማስመሪያ እለካለሁ። ሞቃቱ ቤት ውስጥ ያሉት አንገታቸው ይመዘዛል፤ ነፋስ እንዲያገኛቸው ቅጠላቸውን ከጋለው አፈር ያርቃሉ። ይህን የሚያዛቸው ሆርሞን ነው። ቅጠሉ ሙቀቱን ሲያውቅ የሚያዘጋጀውና «ሞቀ፣ ተሳብ!» ብሎ ወደ ግንዱ የሚያወርደው መልእክት በሉት። እግር የሌለው ቦሎቄ እንኳ መላ አያጣም።

እኔ ግን በዚያው ዕለት ልጄ ሐመልማል አሳይታ ከተማ ላይ የበኩር ልጇን ክርስትና ስታስነሣ «የአገራችሁን ሙቀት አልችለውም» ብዬ ቀረሁ። ሠላሳ አራት ዲግሪ ውስጥ የምውል ሰውዬ! ሰበብ ለፈለገ ሰው ሰበብ አይጠፋም። ያስቀረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ሳታማክረኝ ስታገባ የያዝኩት ኩርፊያ ነው። በእሑድ ቀን ሥራ የገባሁትም ቤት ብቻዬን መቀመጡ ስላስጠላኝ ነው።

በሕልሜ እግሮቼ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አፈር ውስጥ ነበሩ። ባልዲ ውስጥ ተተክያለሁ። ውኃ ከወለሉ ወደ ጣሪያው ይዘንባል። ችግኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው በመደዳው መካከል ይንጎራደዳሉ። ከጎኔ ባለው ባልዲ የጣቢያው ኃላፊ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ተተክሏል፤ ቀጥሎ ጥበቃው አቶ ደገፋ ከወንድሞቹ ጋር። አንድ ባልዲ ለብቻዬ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ሙቀት አስገቡ!» አለ አንድ ቦሎቄ፣ የኔኑ ማስመሪያ በእጁ ይዞ።

ሙቀት በር ላይ መታወቂያ ተጠየቀ፤ አሳይቶ ገባ። ወዲያው ከሰዎቹ አናት ማር የመሰለ ነገር ፈለቀና ወደ አንገታቸው ወረደ። አንገታቸው ይመዘዝ ጀመር። የአቶ ደገፋ ራስ በጣሪያው ቀዳዳ አልፎ ወጣ።

«ውጪው ነፋሻ ነው!» ብሎ ከላይ ጮኸ።

ቦሎቄው ወደ እኔ መጥቶ ለካኝ።

«ዜሮ» አለ።

«ደግመህ ለካው» አለች አንዲት ያረጀች ቦሎቄ። የሁሉም አለቃ መሆን አለባት፤ ሲያዩዋት ቅጠላቸውን ያጥፋሉ።

«ዜሮ ነው፣ እትዬ።»

«ሆርሞኑ አልተሠራም?»

ቅጠሉን አንገቴ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «ተሠርቷል። ከራሱ ወርዶ ጉሮሮው ላይ ቆሟል።»

«ምን ይላል?»

«‹ሂድ› ይላል።»

«ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ዓመት።»

ችግኞቹ በሙሉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

በሩ ተንኳኳ። በዚያ ዓለም ሰው ወደ አገር አይሄድም፤ አገር ነው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሰው የሚመጣው። አሳይታ ነበረች። ከነገበያዋ፣ ከነቴምር ዛፎቿ፣ ከነወንዟ፣ ትኬቷን ጨብጣ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«የሐመልማልን አባት ፈልጌ ነው» አለች። «ክርስትና አለብን፤ አያት ጎደለን።»

«አይሆንም» አለች አሮጊቷ ቦሎቄ፣ ወረቀት አውጥታ። «‹አሳይታን አልችላትም› ብሎ ፈርሟል።»

ፊርማው የኔ ነው፤ የት ይካዳል? «ግቢ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ያ መልእክት ጉሮሮዬን ዘግቶታል። ሚስቴን ቀብሬ የተመለስኩ ቀን እንኳ እንደዚያ ብቸኝነት አልተሰማኝም። የኔ የምላቸው ሁሉ ደጄ ድረስ መጥተው አንዲት ቃል አጣሁላቸው።

አሳይታ ጥቂት ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ጣሪያው ተጣራች።

«አቶ ደገፋ! እርስዎ አያት ይሆኑልናል?»

«ምን ገዶኝ!» አለ አቶ ደገፋ።

ሕፃኑ ለቅሶውን አቆመ። አሳይታ አቶ ደገፋን ከነባልዲው ተሸክማ ሄደች። ቦሎቄው ማርከር አወጣና የኔ ባልዲ ላይ «ይጣል» ብሎ ጻፈ። በየሳምንቱ ያላደጉት ላይ የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ የእጅ ጽሕፈቱም የኔው ነበር። ሁለት ችግኞች ባልዲውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሡኝ ስልኬ ጮኸ።

ነቃሁ። ሐመልማል ናት።

«አባዬ፣ ልጁ ተጠመቀ።»

«እሰይ፤ ያሳድግልሽ።»

«ጉድ ልንገርህ ደግሞ! ከጧት ጀምሮ እየዘነበልን ነው። አሳይታ ቀዝቅዛ ሹራብ ለብሰናል ብልህ ታምነኛለህ? አንተ ጋስ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየሁ። ሠላሳ አራት ይላል። ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ጉልበቴን አርሶታል።

«እዚህማ ብርድ ነው» አልኳት፣ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ እንደቀረሁባት እንዳታውቅ።



«እንግዲያው ናና የልጅ ልጅህን አቅፈህ ሙቅ፣ አባዬ።»

«እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አባዬ?» አለች። «አለህ?»