የክቡር አምባሳደር ሳቫስቲን በግ

ዓለምን የሚያስታርቅ፣ ከገዛ ቤቱ ጋር ግን የተኳረፈ አንድ ሰው የሌለበት መንደር የለም። የቱርክ ዘር ሆነን በኦርቶዶክስ ለምንጠመቀው ለእኛ ለጋጋውዞች የደረሱን ክቡር አምባሳደር ሳቫስቲን ናቸው። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ ወይን ጠጅ ቤት ውስጥ፣ በሙሉ ድምፅ።

"ከአንካራ እስከ ቢሽኬክ ደማችን አንድ ነው!" ይላሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። "እኛ ጊዮርጊስን ብንጠራ፣ እነሱ ወደ መካ ቢሰግዱ፣ ወንድም ወንድም ነው! ድንበር የካርታ ጭረት ነው!"

አንድ ጊዜ ጎማው የፈነዳበት ኪርጊዝ የጭነት መኪና ሾፌር እጃቸው ገባ። አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ወንድማማችነት አስረዱት። "አባቴ፣ ወንድምነቱን ተቀብያለሁ፤ አሁን ክሪኩን ይስጡኝ" አላቸው፣ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

ታዲያ ለሥራ ኢስታንቡል የሄደችው ልጃቸው ዶምና፣ የቡርሳ ከተማ ልጅ ላገባ ነው ብላ ስትደውል፣ ስድስት አገር በአንድ ብርጭቆ ያዋሐዱት ሰው "ሙስሊም?" ብለው ስልኩን ዘጉት። ሰርጉም ላይ አልተገኙም። ይኸው ስድስት ዓመት።

በዚያው ዓመት ሄደርሌዝ፣ የጊዮርጊስ በዓል፣ ደረሰ። እንደ ደንባችን ጠቦት አረዱ፤ ቄሱም ባረኩት። ሌላ ጠቦት ግን ከወይኑ ሐረግ ሥር ታስሮ ቀረ።

"ይሄኛውስ ጋሼ?"

"የሐጂ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። ሐጂ የዶምና አማት ናቸው። "እኛ ያረድነውን ላይበሉ ይችላሉ። ሲመጡ በገዛ እጃቸው ይረዱት።"

"ጠርተዋቸዋል?"

"አምባሳደር ዝም ብሎ ይጠራል እንዴ! ሁኔታዎች ሲመቻቹ ነው።"

ሁኔታዎች ሳይመቻቹ ጠቦቱ ቀንድ አወጣ፤ ከዚያም አረጀ። አሁን መንደሩ "ጡረተኛው" ይለዋል።

ዶምና በየእሁዱ ትደውላለች። አባት ስለ ጋዝ ቧንቧና ስለ መሪዎች ጉባኤ አንድ ሰዓት ይተነትናሉ። "ነይ" የምትለዋ ቃል ግን ጉሮሯቸው ላይ ቪዛ ተከልክላለች።

ባለፈው እሁድ ትዕግሥቴ አለቀ። ስለ ካዛክስታን እያብራሩ ሳለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ "ዶምና፣ የአማትሽ በግ በእርጅና ሊሞት ነው!" አልኩ።

"የምን በግ?"

ክቡርነታቸው በዓይናቸው ገደሉኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ አሉ። "ለሐጂ... ያስቀመጥኩት ነው። በሰርግሽ ዓመት። ራሳቸው እንዲያርዱት ብዬ።"

ከወዲያ ማዶ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማን።

"አባዬ፣ ሐጂ እኮ አንድ ጥርስ የላቸውም። ስድስት ዓመት የቆየ በግ በምናቸው ይበሉታል?"

"ቀኑን ሙሉ እቀቅለዋለሁ" አሉ። "ቀኑን ሙሉ፣ ልጄ። ብቻ ኑ።"

እንመጣለን ያሉበት ሄደርሌዝ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ወይን ጠጅ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ዓለም እርስ በርሱ ቢፋጅ ገላጋይ የለውም። ክቡርነታቸው በጉን ይዘው መንገድ ዳር ተቀምጠው ይውላሉ። እኔም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በየጠዋቱ ለበጉ ጨው ይዤ እሄዳለሁ።

ትናንት በጉን ጨው እያላስኩ "ጋሼ፣ ለመሆኑ ከቡርሳ እዚህ ድረስ ስንት ሰዓት ነው?" አልኳቸው።

"በአውቶቡስ ሃያ ሁለት" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። "ድንበር ላይ ካላቆሟቸው።"