የጉንቱሩ ጋዝ ጠበቃ

የዓለም ጥሩ ነገር ሁሉ ከእኔ መንደር ወጣ የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ለእኛ ለደቡብ ህንዷ ከተማ ለጉንቱር ሰዎች የደረሱን ክቡር መምህር ፑናያ ጋሩ ናቸው፤ ጋሩ በእኛ ቋንቋ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ማስተማሩን ግን ማን ያስቁማቸው? እኔ አጥር የምጋራቸው ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ በእሳቸው ነበር የማሳብበው።

ሀብታቸው ሂሊየም ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ እዚሁ ጉንቱር ሆኖ፣ በግርዶሽ ቀን የፀሐይን ብርሃን ሲመረምር በቀለማቱ መካከል ማንም የማያውቀው ቢጫ መስመር ታየው፤ የሂሊየም ምልክት ነበር። ጋዙ ምድር ላይ እስኪገኝ ሌላ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። በቃ፣ "የእኛ ጋዝ" ሆኖ ቀረ። በጎረቤት ልጅ ልደት ላይ ፊኛ ሻጩን ጋዙ የየት እንደሆነ ጠየቁት። ምስኪኑ ከጎረቤቷ ከተማ ከቪጃያዋዳ እንደሚያመጣው ተናገረ። ተግሣጹ ሳያልቅ ፊኛዎቹ አምልጠውት ከጣራ በላይ ሄዱ። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ሽቅብ እያዩ ጋዙ ከአየር እንደሚቀል ያስረዷታል።

ደሜ ፈላ። በዚያ ግርዶሽ የእኛ ሰው እንደ ልማዱ በሩን ዘግቶ፣ ግርዶሹ እንዳይበክልበት ምግቡ ላይ ሣር ጣል አድርጎ ተቀምጦ እንደነበር፣ ያየው እንግዳው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ሰማዩስ የማን ነበር?" አሉኝ።

ይባስ ብለው፣ ጋዙ ከማንም ጋር ስለማይዋሐድ "ደነዝ" ብላችሁ ሰደባችሁት እያሉ ለመማሪያ መጽሐፉ አዘጋጆች ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል። ኩሩ ነው እንጂ ደነዝ አይደለም አሉ። ጋዙስ ኩሩ ይሁን፤ እሳቸው ግን የማይገቡበት ጉዳይ የለም።

ሐኪሙ ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ እንዳይኖር ሰግቶ ኤምአርአይ የሚሉትን የማሽን ምርመራ ሲያዘኝ ለማንም አልተነፈስኩም። በማግስቱ ጃንጥላቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ማን እንደጠራቸው እንጃ። ሆስፒታል ደርሰን ብረት አይገባም ተብለው ጃንጥላውን እያጉረመረሙ አስቀመጡ፤ ከዚያ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ምን እንደሆነ ባለሙያውን ያፋጥጡት ጀመር። እኔ የማሽኑ አልጋ ላይ ተጋድሜ እሰማለሁ። ሂሊየም ነው አላቸው፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳያውቅ።

ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "አይዞሽ ልጄ፤ ብቻሽን አይደለሽም። እውስጥ ያገርሽ ልጅ አለ።"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። ማሽኑ ጆሮዬ ላይ ሲደበድብ "ያገሬ ልጅ" እያልኩ ቆየሁ።

እጢ አልተገኘም። ማታ እህቴ ደውላ ማን አብሮኝ እንደሄደ ጠየቀችኝ።

"ሁለት የጉንቱር ሰዎች" አልኳት።