ማስረሻ በሲባጎ ቶንጎ የገቡበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለማስረሻ። በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ነሐሴ ፍጻሜ፣ መውሊድ ዓርብ ውሎ ቢሮ ሁሉ እስከ ሰኞ በተዘጋ ጊዜ፣ ማስረሻ መንጃ ፈቃድ በተቀበሉ በአንደኛው ዓመት ይህ ሆነ። እኒህ ማስረሻ ለዶሮ እንኳ ቆመው የሚያሳልፉ፣ የአሶሳ ባጃጅ ሁሉ ከኋላቸው ተሰልፎ ጡሩምባ የሚነፋላቸው፣ በፈረስ ስማቸው አባ ፍሬን የተባሉ ናቸው።

የዘመቻው ምክንያት በግልጽ ሲነገር፣ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ዓኢሻ ከነወዳጆቻቸው ለመውሊድ ቶንጎ ስለጠራቻቸው ነበር። በልባቸው የያዙት ግን ሌላ ነው። ወዳጆቻቸው ሀብቱና ሊድያ፣ ቀድሞ ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ የሊድያ አባት ባረፉ ጊዜ ሀብቱ ለቅሶ ስላልደረሰ፣ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ቃል አይለዋወጡም ነበር። ሽማግሌ ተልኮ አልሆነም። ማስረሻም በዚህ እጅግ ያዝኑ ነበርና፣ አንድ መኪና ውስጥ የተዘጋ ሰው መቼም መነጋገሩ አይቀርም ብለው በልባቸው መከሩ።

የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኝ ክንፍ፣ በፊት ወንበር፣ ፊቷን ወደ መስኮት የመለሰች ሊድያ፤ በግራ ክንፍ፣ ከማስረሻ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት የመለሰ ሀብቱ፤ በደጀን ሊቀ ስንቅ ነብዩ፣ ለዓኢሻ ቤት የተገዛውን ሙዝ ታቅፎ፣ እየጠበቀም እየቀነሰም።

ከአሶሳ ተነሥተው ባምባሲ ሰፈሩ፤ በዚያም ሻይ ጠጡ፣ አልተነጋገሩም። ወደ ቶንጎ ባቀኑ ጊዜ ሰማይ ተከፈተ፤ ወኮነ ዐቢይ ዝናም። የዝናብ መጥረጊያውም ጥቂት ተወዛውዞ በመስተዋቱ መካከል ቆመ፤ አባ ፍሬንም ቆሙ። ነብዩ እንመለስ ብሎ መከረ፤ ሊድያም ተስማማች፤ ሀብቱም ተስማማ፣ ነገር ግን ለነብዩ ብቻ ነገረው። ማስረሻም ከተመለሱ እነዚህ ሁለቱ ዳግመኛ በአንድ መኪና እንደማይገቡ አውቀው ልባቸው ተጨነቀ።

ከዚህ በኋላ ወደ ዝናሙ ወረዱ፤ የዕቃ መጫኛው ክዳን የታሰረበትን ሲባጎ ፈቱ፤ ክዳኑም ለነፋስ ተሰጠ። መጥረጊያውን ግራና ቀኝ አስረው፣ አንዱን ጫፍ በመስኮት ለሊድያ፣ አንዱን በመስኮት ለሀብቱ አቀበሉ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ተመልሰውም አዋጅ ነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ! ሊድያ ስትስብ ሀብቱ ያላላ፤ ሀብቱ ሲስብ ሊድያ ታላላ። እኔ መሪውን ይዣለሁ፤ መንገዱን የምታሳዩኝ እናንተ ናችሁ።»

የመጀመሪያው ውጊያ በሽንፈት ተፈጸመ። ሁለቱ ባንድነት ሳቡ፣ ባንድነትም አላሉ፤ መጥረጊያው አልተነቃነቀም። ሳይነጋገሩ መሳብ እንደማይሆን በታወቀ ጊዜ፣ ሊድያ ፊቷን ሳትመልስ «ሳብ» አለች። ሀብቱ ሳበ። ጥቂት ቆይቶ እሱ «ሳቢ» አለ፤ ሳበች። መንገድ ታየ። የማስረሻ ልብ በደስታ ሞላ፤ ፊታቸውን ግን ከመንገዱ አላነሱም።

እንዲህ እያሉ ብዙ ዳገት ካለፉ በኋላ፣ ሀብቱ ሳቢ የሚልበት ተራ ደርሶ ሳቢ አላለም። «ለአባትሽ ለቅሶ አለመድረሴ ነውር ነው። አንድ ቀን አለፈኝ፤ ከዚያ መምጣቱ አሳፈረኝ» ብሎ ከዝናሙ ድምፅ በላይ ተናገረ። መስተዋቱ ተሸፈነ፤ ማስረሻ ፍሬን ያዙ፤ ነብዩም ማኘክ አቆመ። ሊድያ የሲባጎውን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ኋላም «አባቴ ይወድህ ነበር» አለች፤ ቀጥላም «ሳብ» አለች።

ዝናሙ ቶንጎ ሳይደርሱ አባራ፤ መስተዋቱም ደረቀ። ሁለቱ ግን ስለ ሟቹ እየተጨዋወቱ፣ አንድ ጊዜ እየሳቁ አንድ ጊዜ እያለቀሱ፣ ደረቁን መስተዋት መጥረግ አልተዉም። ማስረሻም ይህን አይተው ፍጥነታቸውን ቀነሱ፣ ቀድሞም ፍጥነት ባይኖራቸው።

ክብር ለአባ ፍሬን ይሁን! ወደ ቶንጎ ከእርሳቸው ፈጥነው የገቡ ብዙ ናቸው፤ በእግራቸው የቀደሟቸውም አሉ። ሁለት አኩራፊ ጭነው ሁለት ወዳጅ ያወረዱ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው።