የእድሩ ድንኳንና የህንዶቹ ትንሣኤ

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ብዙ ነገር ሳያስበው ይገኝለታል። ቤት ይከራያል፣ ገበያውን ይለምዳል፣ የሚያማው ጎረቤትም አያጣም። የሚቸግረው የሚጸልይበት ቦታ ነው። እግዚአብሔርማ በሁሉም ቦታ አለ፤ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር የምንፈልገው እኛ ነን። ታናሽ እህቴ ቤሩት ሳለች እሷና ጓደኞቿ የሚጸልዩት አንድ ደግ ሰው በፈቀደላቸው የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ያንን ሰው ሳላውቀው ስመርቀው ኖሬአለሁ። ምርቃት ዞሮ ራሴን እንደሚጠይቀኝ የገባኝ ግን ቶማስ ግቢዬ ውስጥ የተከራየ ጊዜ ነው።

ቶማስ እዚሁ ወልቂጤ የሚያስተምር ህንዳዊ ነው። የሰፈሬ ሰው ህንድን የሚያውቀው በፊልም ስለሆነ፣ ቲቸር፣ ላም ሊያመልክብሽ ነው ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሰውዬው ግን ሐዋርያው ቶማስ ካስተማራቸው ክርስቲያኖች ዘር ነኝ የሚል፣ ከእኔ ይልቅ ጾም የሚያጠብቅ ሆኖ አረፈው። እሑድ እሑድ ከቡታጅራ ሳይቀር የአገሩ ሰዎች ከነቤተሰባቸው እየመጡ በአንዲቷ ሰርቪስ ክፍሉ ይጸልያሉ። ሕፃናቱ አልጋ ላይ፣ ትልልቆቹ ቆመው፣ የተረፈው ሰው በር ላይ፣ ጫማው ደግሞ የእኔ ደጃፍ ላይ።

ታዲያ ትንሣኤያቸው ሲደርስ ከአዲስ አበባ ቄስ ሊመጣላቸው ሆነ። ቄሱ የሚመጡት በዓመት አንዴ ነው፤ ያ ቀን ካመለጠ ቁርባን የለም፣ የቶማስ ልጅም ሳትጠመቅ ትከርማለች። ክፍሏ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው አትችልም። ቦታ ፍለጋ አብሬው ዞርኩ። የሆቴሉ አዳራሽ በእስላም ሠርግ ተይዟል። የእድራችን አዳራሽ አባል ላልሆነ አይከፈትም። የእኛን ደብር አባት ብንጠይቃቸው፣ ወንድሞቻችን ናቸው፣ ግን ፈቃዱ ከበላይ ይምጣ አሉን። ከበላይ ያሉት ሰማይን ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይደርስ ነበር። ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ግን የበልግ ዝናብ በዓል አያውቅም።

የእድራችን ድንኳን ትዝ ያለኝ ይኼኔ ነው። ሠርግ ያለው ሰው ነጭ ድንኳን ከከተማ ይከራያል፤ የእኛ አሮጌ አረንጓዴ ሸራ ግን የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ጋሽ ወልዴ ለምንድን ነው ቢሉኝ፣ ለጸሎት አልኳቸው። እውነቴን ነው። ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ፊቴ የሐዘንተኛ ፊት ስለሚሆን እሳቸው እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን ማለት ውሸት ነው? መጽናናትን እምቢ የሚል ሰው አለ?

የህንዶቹ ትንሣኤ በዚያ ዓመት ከእኛ ቀድሞ ሁዳዴ መሐል ላይ ስለዋለ፣ ፋሲካ ነው ብሎ የጠረጠረ ጎረቤት አልነበረም። ቆርበው ጨርሰው የጥምቀቱን መዝሙር እንደጀመሩ የግቢዬ በር ተከፈተና እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ አሸክመው፣ ወየው እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ጥሩንባ ሳይነፋ ድንኳን ማየታቸው ሞቱን ድንገተኛ አድርጎባቸዋል። የህንዶቹ መዝሙር ደግሞ ዝግ ያለ፣ አንጀት የሚበላ ነውና ለቅሶው ከዜማው ጋር ወዲያው ተዋሐደ። እንግዶቹም የኢትዮጵያ ሰው እንዴት ያለ መንፈሳዊ ነው እያሉ ንፍሮውን ይበላሉ።

እትዬ ብርነሽ ቶማስን አቅፈው፣ ልጄ፣ ማን ሞተብህ አሉት። ቶማስ በሚችላት አማርኛ፣ ፊቱ እያበራ፣ ሞቶ ነበር፣ ተነሥቷል አላቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ ሐዘን ጭንቅላቱን ነክቶታል፣ ጠበል አምጡለት አሉ።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ተነሥቼ የሞተ ሰው የለም አልኩ። ይህን ሲሰማ ሰው ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር። ለካ ለቅሶ መጥቶ የሞተ የለም መባል፣ ድግስ ተጠርቶ ምግብ የለም እንደመባል ነው። ጋሽ ወልዴ የሙት ድንኳን መጫወቻ ሆነ ብለው ካስማውን መነቅነቅ ያዙ። እትዬ ብርነሽ፣ ለባሌ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም፣ እንባዬን ማን ይመልስልኛል ይላሉ። ዝናቡ ጀምሯል። ቄሱ ሕፃኗን ከውሃው አጠገብ እንዳቀፉ የሚንቀጠቀጠውን ሸራ ያያሉ። ቶማስ እኔን ያያል።

የእድራችን ዳኛ ሐጂ ከድር ከበርበሬ መጋዘናቸው ተጠርተው መጡ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሕፃኗን አይተው፣ ወልዴ፣ ካስማውን ልቀቅ አሉ። ከዚያ እትዬ ብርነሽን አልቅሰሻል ወይ ሲሉ ጠየቁ። አልቅሻለሁ እንጂ አሉ። ንፍሮሽስ? በልተውታል። ወላሂ፣ እንግዲህ ምን ቀረ አሉ ሐጂ፤ እድር ማለት አልቅሶ ንፍሮ መብላት አይደለም እንዴ? የእነዚህ ሰዎች ለቅሶ ቀድሞ ወጥቷል፤ አባል ናቸው። የአባልን ድንኳን በዝናብ የሚነቅል ካለ እስቲ ልየው።

የነቀለ የለም። ሕፃኗ ተጠመቀች፤ ጋሽ ወልዴም ዝናቡ እንዳያንጠባጥብባት ሸራውን በዱላ ደግፈው ይዘው ቆሙ። እኔ ድንኳኑን አጥቤ እንድመልስ ተፈረደብኝ፤ ሕሊናዬ ከዚህ የከፋ አስቦልኝ ነበርና ፍርዱን በደስታ ተቀበልኩ።

ለአዲሶቹ አባላትም እሑድ እሑድ ባዶውን የሚውለው የእድሩ አዳራሽ ተፈቀደላቸው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ከእድርተኛው ሰው ከሞተ አዳራሹ የሐዘንተኛው ነው፣ የእነሱ ጸሎት ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል።

በቀደም ቶማስን ምን እንደሚጸልዩ ጠየቅሁት። ከሁሉ በፊት ለእድርተኛው ረጅም ዕድሜ ነው አለኝ፣ ስም እየጠሩ። እትዬ ብርነሽን ሳል የያዛቸው ዕለት ጸሎቱ ይረዝማል፤ ሐጂ ከድርም ስኳር ስላለባቸው ለብቻ ይጸለይላቸዋል። ዕድሜዬን እንዲህ ከልቡ የለመነልኝ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ባለፈው ዓርብ ጉንፋኑ ሲጠናብኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ለነፍሴ ሳስቼ እንዳይመስላችሁ፤ ከነገ ወዲያ እሑድ ነበር።