የክብርት ድንገት ላስቲኮች

አንድ ሰነፍ፣ አንድ ቀልደኛና የሁሉንም ጭንቀት ብቻውን የሚሸከም አንድ ሰው የሌለበት የሥራ ቡድን በምድር ላይ የለም። የእኛን ሰነፍ አልጠቁምም። ጭንቀት ተሸካሚዋ ግን የቡድን መሪያችን ክብርት ወይዘሮ ድንገት ናቸው።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ጎርፍ የቦረቦረውን ተዳፋት በድንጋይ ክትር እየደገፍን ችግኝ ስንተክል ከአፋቸው የማይጠፋው «ድንገትስ?» ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ድንገት በረዶ ቢጥልስ? ክትሩ ካለቀ በኋላ ድንገት የታችኛዋ ድንጋይ ብትሸሽስ? አንዴ ከሩቅ ፍየል አይተው የምሳ ሰዓታችንን ሙሉ ዘብ አቆሙን። ፍየሏ የታሰረች ነበረች።

እኚሁ ሴት ድሮ ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ቃል አይተነፍሱም ነበር አሉ። ዛሬ መሐንዲሱን «ይሄ ክትር መሀሉ ከፍ ብሏል፣ ድንገት ውሃው በጎን ቢዞርስ?» ይሉታል፤ እሱም ሜትሩን አውጥቶ ይለካል። ድንጋይ የሚሸከሙላቸው ባለቤታቸው ዞር ብለው ይስቃሉ።

ከሁሉ የሚከፋው የላስቲክ ሕጋቸው ነው። ችግኝ የሚመጣው ከነአፈሩ በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ላስቲኩ ሳይቀደድ ከተተከለ ሥሩ ታንቆ ይደርቃል። ስለዚህ ሥራ ስንጨርስ የቀደድነውን ላስቲክ እናስረክባለን፣ እሳቸውም ከተከልነው ችግኝ ጋር ያመሳክራሉ።

ባለፈው ወር ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተነገረን። ተከላው ካላማረው ሥራው ወደ ሌላ መንደር ይዛወራል። ያ ለእኔ ከተማ ተመልሶ ሲሚንቶ መሸከም ነው። ልጄ «አባዬ» ማለት የጀመረችው ይህን ሥራ አግኝቼ ቤቴ ማደር ከጀመርኩ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት «ሰውዬው» ነበርኩ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲያጣድፈኝ አሥራ ስምንት ችግኝ ከነላስቲካቸው ቀበርኩ። ላስቲኩ የታለ ሲሉኝ ነፋስ ወሰደው አልኩ። ክብርት ድንገት አዩኝ። «ድንገትስ?» እንኳ አላሉም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልህ አለኝ። ሄጄ እንዳልነቅላቸው ሴትዮዋ ከተዳፋቱ አይጠፉም። እውነቱን እንዳልናገር አፈርኩ። ጥፋቱ ደግሞ በመሪዋ ላይ ይላከካል።

ተቆጣጣሪው መጣ። ሽቅብ ቁልቁል ተመላለሰና፣ ያ ሁሉ ረድፍ እያለ፣ እኔ ረድፍ ላይ ተንበረከከ። አንዱን ችግኝ ቆፍሮ አወጣ፤ ሥሩ ነጻ ነው። ሌላም አወጣ፤ ነጻ ነው። አመስግኖን፣ ቀጥሉ ብሎን ሄደ።

ሰው ሲበተን ክብርት ድንገት ጠሩኝ። ከቀሚሳቸው ኪስ ጭቃ የደረቀባቸው ላስቲኮች አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ለካ በእረፍት ቀናችን ብቻቸውን መጥተው ረድፌን በሙሉ እንደገና ተክለውታል።

«ነፋሱ መልሶ አመጣቸው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ቁጠራቸው እስቲ፤ ድንገት አንድ ቢጎድልስ?»

ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት። ዓይኔን እንዳያዩብኝ ደግሜ ቆጠርኩ። በዚያ ተዳፋት ላይ እንደ እሳቸው የምወደው ሰው የለም።

ቤቴ ስደርስ ልጄ «አባዬ» እያለች የደጃችንን ደረጃ ወደ እኔ እየሮጠች ወረደች።

«ቀስ በይ» አልኳት፣ «ድንገት ብትወድቂስ?»